ወደ ሌላ አገር ልዛወር ነው፣ ሒሳቤን እዩልኝ

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ወደ ሌላ አገር ልዛወር ነው። ከተማውን ለጊዜው አልናገርም። ውሉ ገና አልተፈረመም፣ አለቃዬም እዚህ ገባ ወጣ እንደሚል እጠረጥራለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ የከተሞችን የኑሮ ውድነት የሚያወዳድሩ ገጾች ላይ ተጥጄ ነው የከረምኩት። ከዚያ ኤክሴል ከፈትኩና አንድ ዓምድ ሠራሁ። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ መብራትና ውሃ፣ ስልክና ኢንተርኔት፣ ትንሽ መዝናኛ። ደምሬ ከደመወዙ ላይ ስቀንስ ከመቶ 45 እጁ ይተርፈኛል። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፣ ያው ነው። ደስ ብሎኝ እህቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ደግሞ «ይኼማ በጣም አማረ፣ የሆነ ነገር ረስተሻል» ብላ ደስታዬን አጠፋችብኝ።

ምን ረሳሁ? ቁጠባዬ የሁለት ወር ደመወዝ ያህል ነው። ላጤ ነኝ፣ መኪና አልነዳም፣ ብዙም አልወጣም።

ደላላ_አይታየኝ፦
የጻፍሽው ደመወዝ ተቆራርጦ እጅሽ የሚገባው ነው ወይስ ውሉ ላይ ያለው?

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
ውሉ ላይ ያለው።
ኦ።

ደላላ_አይታየኝ፦
አዎ፣ «ኦ»። ቤልጅየም ወይም ጀርመን ከሆነ የምትሄጂው፣ መካከለኛ ደመወዝ ያለው ላጤ ግብሩና ማኅበራዊ ዋስትናው ሲቆረጥበት ከሲሶ በላይ ይሄድበታል። ዱባይ ከሆነ የግል የገቢ ግብር የለም። ግን ቶሎ አትፈንጥዢ። እዚያ ኪራይ በየወሩ መክፈል የተለመደ አይደለም፣ የዓመቱን በአንድ ወይም በሁለት ወይም በአራት ቼክ ከፋፍለሽ ነው የምትሰጪው። በዚያ ላይ የመብራትና ውሃ መያዣ አለ። ወርሃዊው ቢል ላይ ደግሞ ከዓመት ኪራይሽ 5 ከመቶ የሚሆን የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ለ12 ተካፍሎ ይመጣል። እኔ ስደርስ ማንም አልነገረኝም። ቢሉን ይዤ «ተሳስታችኋል» ልላቸው ሄጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ተመለስኩ።

አምፖል_ፈላጊ፦
እኔ ጀርመን ነኝ። የት እንደምትሄጂ ስላልነገርሽን የራሴን ላውራ።

ቁልፍ የተረከብኩት ኖቬምበር ላይ ነው፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ውጭው ጨልሟል። በሩን ከፍቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም። መብራት ሄዷል ብዬ ወጥቼ ደረጃውን አየሁ፣ እዚያ በርቷል። ተመልሼ የስልኬን መብራት ወደ ኮርኒሱ ሳዞር ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል። አምፖልም የለ፣ አምፖሉ የሚገባበትም የለ። የቀድሞው ተከራይ ነቅሎ ይዞት ሄዷል። ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤት ያልኩት ከግድግዳው የወጡ ሁለት የውሃ ቧንቧዎች ስላየሁ ነው እንጂ ምድጃ የለ፣ ዕቃ ማጠቢያ የለ፣ መደርደሪያ የለ። ያን ሌሊት ጃኬቴን አንጥፌ ተኛሁ። ጠዋት አከራዩ ጋ ስደውል የተገረመው እሱ ነው። «ባዶ ቤት እኮ ነው የተከራየኸው» አለኝ። እዚህ ባዶ ማለት ባዶ ነው። ምድጃውን ከነማጠቢያው ነቅለው የሚሄዱ ተከራዮች አሉ፣ ካልሆነም ለአዲሱ ተከራይ ይሸጡለታል። ያገለገለ ገዝቼ እስካስገጥም ሦስት ሳምንት ውጭ በላሁ። ይኼ ኤክሴልሽ ላይ የት አለ?

ሌላው፣ ማስታወቂያው ላይ ያየሽው ኪራይ «ቀዝቃዛ» ነው ወይስ «ሙቅ»? እዚህ እንደዚያ ነው የሚሉት። ቀዝቃዛው የቤቱ ብቻ ነው። ሙቁ ላይ ማሞቂያ፣ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ የደረጃ ጽዳት ይጨመራል፣ የመብራት ፍጆታሽና ኢንተርኔት ግን ብዙ ጊዜ ሙቁም ውስጥ የሉም። ሙቁም ቢሆን ግምት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተሰልቶ «ጨምር» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። (አንዳንዴ ይመልሱልሻል። እኔ አንድ ጊዜ ደርሶኛል፣ ደብዳቤውን ፍሬም ላሠራለት ነበር።) ቴሌቪዥን ባይኖርሽም እያንዳንዱ ቤት ለሕዝብ ብሮድካስት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል። መያዣው እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ይደርሳል። በሕጉ ሦስት ወር ከፋፍለሽ መክፈል ትችያለሽ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሙሉውን አንድ ላይ ካስረከብኩ በኋላ ነው።

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
ጃኬት አንጥፈህ? ወይኔ።
መያዣ የሚባል ነገር ኤክሴሌ ላይ የለም። ወርሃዊ ወጪ ስላልሆነ ተውኩት።

18ኛው_ቀን፦
እሱ ነው እኮ ችግሩ። ሁሉም ገጽ የሚነግርሽ የ«አንድ ወር» ወጪ ነው፣ ኑሮውን የለመደ ሰው የሚያወጣው ወር። አንቺ ያንን ወር የምታገኚው ምናልባት በስድስተኛው ወር ነው። ዓምዱን ተዪውና ካሌንደር ሥሪ። ገንዘቡ በየትኛው ቀን ይወጣል፣ በየትኛው ቀን ይገባል? ሌላ አትጠይቂ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ማርች 18 ነው። የደመወዝ ዝርዝሩ የሚዘጋው በወሩ 15ኛ ቀን ላይ እንደሆነ ማንም አላነሳልኝም፣ እኔም መጠየቅ አላወቅሁበትም። ስለዚህ ማርች አለፈኝ። የመጀመሪያ ደመወዜ የገባው ኤፕሪል 30 ነው፣ 43 ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ኪራይ፣ መያዣ፣ የሦስት ሳምንት ጊዜያዊ ማረፊያ፣ ፍራሽ፣ የክረምት ጫማ፣ የመታወቂያ ክፍያ፣ የሰነድ ትርጉም፣ ሁሉም ወጥቷል። በወረቀት ደህና ተከፋይ ነበርኩ። በተግባር ግን ባንክ ማሽን ፊት ቆሜ ሒሳቤን ሳላይ ካርዴን ያወጣሁበት ቀን አለ፣ ማየቱን ፈርቼ።

ጊዜያዊ ማረፊያውንም ንቀሽ እንዳታልፊው። ቤት ለመከራየት የአገሩ ባንክ ሒሳብ ይጠይቁሻል፣ ባንኩ ደግሞ አድራሻ ይጠይቅሻል። ሁለቱ መካከል ስትመላለሺ በቀን ሒሳብ እየከፈልሽ ነው።

የቴምዝ_ዳር፦
እንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ወጪው የሚጀምረው ገና አውሮፕላን ሳትሳፈሪ ነው። ከቪዛው ዋጋ ሌላ የጤና አገልግሎት ክፍያ የሚባል አለ። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለልጅና ለተማሪ 776 ነው። ክፋቱ በየዓመቱ አይደለም የሚከፈለው። የቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ማመልከቻው ላይ። እኛ ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ ጋር የሦስት ዓመት ነበር የጠየቅነው፣ 8,538 ፓውንድ። ባለቤቴ የካርዱን ቁጥር አስገብቶ የመጨረሻዋን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ኮምፒውተሩን ከድኖ ውጭ ዞሮ መጣ። (በጤናና እንክብካቤ ሠራተኞች ቪዛ የሚመጡ ከዚህ ነፃ ናቸው።)

ደግ ነገርም አለ። ከ2019 ወዲህ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት አከራዩ ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ መያዣ መቀበል አይችልም፣ የኤጀንት ኮሚሽንም ከተከራይ አይጠየቅም። ካውንስል ታክስ የሚባለው የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ግብር ግን የተከራይ ዕዳ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ውጭ ነው የምትከፍዪው። ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ 25 ከመቶ ይቀነስልሻል። ግን ማመልከት አለብሽ፣ ማንም ቤትሽ መጥቶ አይነግርሽም።

ቀለል_አርጉት፦
ኧረ ልጅቷን አታስፈራሯት! እዚህ ሁሉም ሰው የደረሰበትን መዓት ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ በሁለት ሻንጣ ገብቼ በዓመቴ ዕዳ የለብኝም። ቤት ከሁለት ሰው ጋር ተጋራሁ፣ ዕቃ ያገለገለ ገዛሁ፣ መኪና የሚባል ነገር አላሰብኩም። በተለይ መኪና! ሲንጋፖር እኮ መኪናውን ከመግዛትሽ በፊት ለ10 ዓመት የመያዝ መብቱን ጨረታ ተወዳድረሽ ነው የምትገዢው። ጀርመን ደግሞ በአንድ ወርሃዊ ቲኬት የአገሩን አውቶቡስና የክልል ባቡር ሁሉ ትሳፈሪያለሽ። 2023 ላይ በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ 2025 ላይ 58፣ 2026 ላይ 63 ገባ፣ አሁንም ከመኪና ጋር አይወዳደርም። እንደ አገሬው ኑሪ፣ ይበቃሻል።

ደላላ_አይታየኝ፦
ወንድሜ፣ «እንደ አገሬው ኑሪ» ስትል ልብ በል። አገሬው ቤቱን የተከራየው ከ12 ዓመት በፊት ነው። የሚከፍለውም የያኔውን ኪራይ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረበት። አዲስ ገቢ የሚከፍለው የዛሬውን ነው። እዚያው ፎቅ ላይ፣ እዚያው ስፋት፣ ጎረቤቴ ከእኔ በግማሽ ይኖራል። አማካይ ኪራይ ብለው የሚያወጡት ቁጥር ሁለታችንንም ቀላቅሎ ነው። እኔ አማካይ ላይ አልኖርም።

ቀለል_አርጉት፦
እሺ እሱ እውነት ነው። መኪናው ላይ ግን አልመለስም።

ሁለተኛው_ጁን፦
ቶኪዮ፣ ሰባተኛ ዓመቴ። እዚህ ቤት ለመግባት መያዣ ትከፍያለሽ። ከዚያ ብዙ ቤቶች ላይ ለአከራዩ «ምስጋና» የሚባል ክፍያ አለ፣ ይኼኛው አይመለስም። ከዚያ የኤጀንቱ፣ ከዚያ ዋስ የሚሆንልሽ ድርጅት። የአራትና የአምስት ወር ኪራይ አንድ ቀን ላይ ሊወጣ ይችላል። አሁን አሁን ምስጋናውን የማይጠይቁ ቤቶች አሉ፣ ፈልጊ።

ግን ስሜ የመጣው ከሌላ ነው። እዚህ የነዋሪነት ግብር የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢሽ ነው። አዲስ ስትገቢ ያለፈ ዓመት ገቢ እዚህ ስለሌለሽ ምንም አይቆረጥብሽም። ደመወዝሽ ትልቅ ይመስልሻል፣ እኔም መስሎኝ ኑሮዬን በዚያ ልክ አሰፋሁ። ሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ ግብሩ ጀመረ፣ 10 ከመቶ ገደማ። ደመወዜ የተቀነሰ መስሎኝ አለቃዬን በትሕትና ጠየቅሁት። እሱ ደግሞ ሁሉም የውጭ ሰው ሁለተኛው ጁን ላይ እንደሚጠይቀው ነገረኝ።

በሳምንት_በሳምንት፦
አውስትራሊያ። ኪራይ የሚነገረው በሳምንት ነው። በ4 አባዝተሽ ወር አደረግሁት እንዳትዪ። ዓመት 52 ሳምንት ነው፣ 4 ሲባዛ 12 ግን 48። የአራት ሳምንት ኪራይ ከየት መጣ ትያለሽ።

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
ኪራዩን በወር ነው ያገኘሁት፣ ተርፌያለሁ ልል ነበር። አስቤዛውን ግን በ4 ነው ያባዛሁት። አሁን ሄጄ አስተካከልኩት። ከግብሩና ከዚህ በኋላ 45ቷ 19 ገብታለች። ገና ሁለተኛ ገጽ እንኳ አልደረስንም።

ፍራንክ_በሊታ፦
ስዊዘርላንድ ከሆነ 19ኟንም አትመኪባት። የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ከገባሽ በሦስት ወር ውስጥ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ነው የገባሁት፣ እነሱ ግን ሒሳቡን ከገባሁበት ቀን ጀምረው አሰቡት። አረቦኑ በነፍስ ወከፍ ነው እንጂ በደመወዝ ልክ አይደለም። ለማሳነስ ብዬ ኢንሹራንሱ ከመድረሱ በፊት እኔው የምችለውን ክፍያ ትልቁን መረጥኩ፣ በዓመት 2,500 ፍራንክ። ትንሹ 300 ነው። ጤነኛ ነኝ፣ ምን ያመኛል? ፌብሩዋሪ ላይ በረዶ አዳልጦኝ ወደቅሁ። እሱንስ የአሠሪዬ የአደጋ ዋስትና ሸፈነው። በዚያው ዓመት ሐሞት ከረጢቴ ጠጠር አለው ተባልኩ፣ ያ በሽታ ነው። 2,500ውን ከፈልኩ፣ ከዚያ በላይ ካለው 10 ከመቶውን እስከ 700 ፍራንክ ድረስ እንደገና ከፈልኩ። በአረቦን ያተረፍኩት ሁሉ ሆስፒታል ገባ፣ ከእኔ ጋር።

የቴምዝ_ዳር፦
እግዜር ይማርህ። ከተማውን ግን ንገሪን ባክሽ፣ ሰው ዓለምን እየዞረ ነው።

ጡረታ_ቀርቦኛል፦
ከ20 ዓመት በላይ በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ የምንልክ ድርጅት ነበር። ልጄ፣ ስለ ደረጃዎቹ አንድ ነገር ልንገርሽ።

መርሰር የሚባለው አማካሪ ድርጅት የከተሞችን የኑሮ ውድነት ያወጣል። 2024 ላይ 226 ከተሞች አወዳድሮ ሆንግ ኮንግን፣ ሲንጋፖርንና ዙሪክን ከላይ አስቀመጠ። ከ200 በላይ ዕቃና አገልግሎት ያያል፣ መነሻው ኒውዮርክ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሠራተኛ ለሚልኩ ድርጅቶች ነው። ኩባንያው ቤት የሚከራይለትን፣ ልጆቹን በውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤት የሚያስተምርለትን ሰው ነው የሚያስበው። መለኪያው ዶላር ስለሆነ ምንዛሪ ሲዋዥቅ፣ የዳቦ ዋጋ ሳይነካ ከተማው ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ኑምቤዮ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ዋጋውን ተጠቃሚው ራሱ የሚሞላበት ድረ ገጽ ነው። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ማን እንደሞላው፣ የትኛው ሰፈር ቆሞ እንደሞላው አይታይሽም። የምትሠሪበትን ሕንፃ አድራሻ ይዘሽ፣ በ40 ደቂቃ ዙሪያው ዛሬ የሚከራዩትን ቤቶች 20 ያህል ማስታወቂያ አንብቢ። እሱ ከማንኛውም ደረጃ ይሻላል።

ሁለተኛውና ዋናው፣ ውሉን አልፈረምሽም ብለሻል። እንግዲያው ጊዜው አሁን ነው። ደመወዝ ጨምሩ ስትዪ ለዓመታት የሚቆይ ወጪ ነውና አለቆች ይከብዳቸዋል። አንድ ጊዜ የሚከፈል ነገር ሲጠየቅ ግን እጃቸው ይፈታል። የመጀመሪያ ወር ማረፊያ፣ የቪዛና የጤና ክፍያ፣ ለመያዣ የሚሆን ብድር ከደመወዝ በየወሩ የሚቆረጥ። ሰው አይጠይቅም እንጂ ብዙው ድርጅት ለዚህ የተያዘ ገንዘብ አለው።

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ገና ሳልገባ ስስታም የሆንኩ አይመስልም?

ጡረታ_ቀርቦኛል፦
አይመስልም። ካሌንደሩን ላኪላቸው። «ሥራ ብጀምር ደመወዝ እስኪገባልኝ ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ወጪ አለብኝ፣ ያለኝ ይህ ነው» በይ። ልመና አይሁን፣ ሒሳብ ይሁን። የደመወዝ ዝርዝሩ መቼ እንደሚዘጋም ያው ኢሜይል ላይ ጠይቂ፣ የ18ኛው ቀን ወንድማችን እንዳለው።

ደላላ_አይታየኝ፦
አንዲት ትንሽ ነገር፣ ስለማትጠቅም ሳይሆን ሁሉም ስለሚረሳት። አሮጌ ካርድሽን ውጭ ስትጠቀሚ ማሽኑ «በካርድሽ ገንዘብ ላስከፍልሽ?» ይልሻል፣ የለመድሽውን ገንዘብ ስታዪ ደስ ይልሻል። እምቢ በይ። ምንዛሪውን የሚተምነው ማሽኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ ለራሱ አድልቶ። ሁልጊዜ በአገሩ ገንዘብ።

ሻንጣዬ_ተከፍቷል (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ተመለስኩ። ፈረምኩ። እንግሊዝ ነው። የቴምዝ ዳሯ እህቴ፣ የጻፍሽውን ቃል በቃል ተጠቅሜበታለሁ።

ካሌንደሩን ላክሁላቸው። ሁለት ቀን ዝም አሉ፣ እኔም «በቃ ቀየሙኝ» ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ የሦስት ዓመቱን የጤና ክፍያና ቪዛውን እነሱ እንደሚከፍሉ ጻፉልኝ። ማረፊያ አንድ ወር ጠይቄ ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። ለመያዣ ብድር አይሆንም አሉ፣ ግን የመጀመሪያውን ደመወዝ ግማሽ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቴ ይለቁልኛል። ዝርዝሩ የሚዘጋው በወሩ 12ኛ ቀን ላይ ስለሆነ የሥራ መጀመሪያዬን ከ14 ወደ 7 አሳብኩት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሊጠየቅ ይችላል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

አዲሱ ሒሳብ፦ ከመቶ 14፣ ያውም ከአምስተኛው ወር ጀምሮ። እስከዚያ ቁጠባዬን እየበላሁ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ የቀረው የሚዘልቅ ይመስላል። እህቴ «አሁን እውነት መሰለ» አለች።

ደግሞ የአምፖል ፈላጊን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ልቤ አላርፍ ስላለ ሁለት አምፖል ገዝቼ በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።

የቴምዝ_ዳር፦
እንኳን ደስ ያለሽ! አምፖሎቹ ግን የሚጠመዘዙ ናቸው ወይስ ጎንና ጎናቸው ሁለት ጆሮ ያላቸው?

ሻንጣዬ_ተከፍቷል፦
የሚጠመዘዙ። ለምን?

የቴምዝ_ዳር፦
እዚህ ኮርኒስ ላይ ያለው ብዙው ባለጆሮ ነው፣ ገፍተሽ ዞር ታደርጊዋለሽ። ያንቺዎቹ አይገቡም። ደግሞ እዚህ ቤት የምትረከቢው ከነአምፖሉ፣ ከነምድጃው ነው። አውጪያቸውና በቦታቸው ካልሲ ጨምሪ።

አምፖል_ፈላጊ፦
ለእኔ ላኪልኝ። መኝታ ቤቱ እስካሁን ሽቦ ነው።